የበልግ ጓሮ፦ ልዝራ፣ ልጠብቅ ወይስ ችግኝ ላፍላ?

የካቲት መጨረሻ ላይ ሁለት ቀን በደንብ ከዘነበ፣ በሦስተኛው ቀን ዶማ የማያነሳ ባለጓሮ ማግኘት ይከብዳል። ጣጣው የሚመጣው ከዚያ በኋላ ነው። ደመናው ይገፈፋል፣ ፀሐይዋ ትከርራለች፣ ለሁለት ሳምንት ጠብ የሚል ነገር አይኖርም። ሰላጣው ብቅ ባለበት ይጠወልጋል። ካሮቱማ ይብቀል አይብቀል ሳይታወቅ ይቀራል። ሰውየውም «ዘሩ ተበላሽቶ ነው» ብሎ ሱቁን ይራገማል።

ይሄ ጽሑፍ ለአዲስ አበባና በዙሪያዋ ላሉ ከፍታማ ከተሞች ጓሮ የታሰበ ነው። ቦረና ወይም ሶማሌ ክልል ላለ ሰው ከመጋቢት እስከ ግንቦት የሚዘንበው ዋናው ዝናቡ ስለሆነ ስሌቱ ሌላ ነው። ጎንደርና ጎጃም ያለ ሰው ደግሞ በልግ የሚባል ነገር እምብዛም ስለማያይ ሰኔን ቢጠብቅ ይሻለዋል። ዲሲና ሜሪላንድ ያላችሁ ወገኖች ችግራችሁ ውርጭ ነው፣ የኛ ደግሞ መድረቅ። እዚህ ውርጭ በአብዛኛው ከጥቅምት እስከ ጥር ያለ ጣጣ ነው። በልግ ላይ የሚያሳስበን ዝናቡ ጀምሮ ማቋረጡ፣ ቀትር ላይ የሚያቃጥለው ፀሐይና ድንገት የሚወርደው በረዶ ነው።

በልግ የማይታመነው ያለ ምክንያት አይደለም። ክረምት በየዓመቱ በሰዓቱ የሚመጣ ትልቅ ሥርዓት አለው። በልግ ግን ከሕንድ ውቅያኖስና ከዓረብ ባሕር የሚመጣው እርጥበት፣ ከሜዲትራኒያን በኩል ከሚያልፈው የቀዘቀዘ አየር ጋር ሲገጣጠም የሚዘንብ ነው። አንዱ ከዘገየ ዝናቡ ይቀራል። ማዳጋስካር አካባቢ አውሎ ነፋስ ሲበዛ እርጥበቱ ወደዚያ ይሳባል፣ እኛ ሰማይ ሰማይ እያየን እንቀራለን።

ስለዚህ እኔ ምርጫውን ከሮቶው ነው የምጀምረው።

መጀመሪያ ውሃችሁን ቁጠሩ

በመጋቢትና በሚያዝያ ፀሐይ፣ በቅጠል የተሸፈነ 1 ካሬ ሜትር መደብ በቀን ከ4 እስከ 5 ሊትር ውሃ ይፈልጋል። 6 ካሬ ሜትር መደብ ያለው ሰው በቀን አንድ ተኩል ባለ 20 ሊትር ጄሪካን ማለት ነው። ለሁለት ሳምንት ዝናብ ቢጠፋ ወደ 400 ሊትር ይጠጋል። ውሃ በፈረቃ የሚመጣበት ሰፈር ላለ ሰው ይሄ ቀልድ አይደለም። ቤት ውስጥ ልብስ ለማጠብ የሚጠበቅ ውሃ እያለ ጎመን ለማጠጣት በርሜል ማጉደል ጠብ ያስነሳል።

በሌላ በኩል የቆርቆሮ ጣሪያ ሀብት ነው። 1 ሚሊሜትር ዝናብ በ1 ካሬ ሜትር ጣሪያ ላይ 1 ሊትር ነው። 30 ካሬ ሜትር ጣሪያ 10 ሚሊሜትር ሲዘንብበት 300 ሊትር ይወርድለታል። ሩቡ ቢባክን እንኳ ባለ 200 ሊትር በርሜል ሞልቶ ይፈሳል። አሸንዳ ያለው ሰው አንድ በርሜል ብቻ ከሥሩ ማስቀመጡ፣ ከዚህ በታች ያለውን ምርጫ ሁሉ ይቀይርለታል። የመጀመሪያውን አቧራ ያዘለ ውሃ አፍስሱት፣ በርሜሉንም ክደኑት። ትንኝ እንዳይራባበት ብቻ ሳይሆን ልጆችም እንዳይገቡበት።

አሁን ራሳችሁን ጠይቁ። ለ14 ቀን ጭራሽ ባይዘንብ ስንት ካሬ ሜትር አጠጣለሁ? ያ ቁጥር ሚያዝያ ሳይጋመስ የምትዘሩት መሬት ልክ ነው። የቀረው መሬት ይቆፈር፣ ፍግ ይግባበት፣ ይጠብቅ።

ሦስቱ አካሄዶች

የመጀመሪያው በመጀመሪያው ዝናብ መሬት ላይ ቀጥታ መዝራት ነው። ጥቅሙ ግልጽ ነው። በልጉ ከሰመረ ጊዜ ታተርፋላችሁ፣ ክረምት ሳይገባ ትለቅማላችሁ። ችግኝ ማዛወር የሚባል ልፋት የለም፣ ሥሩም ሳይነካ ወደ ታች ይወርዳል። ጉዳቱ ዘር አንዴ ከረጠበ ወደኋላ አለመመለሱ ነው። ደረቅ አፈር ውስጥ የተኛ ዘር ሳምንት ሁለት ሳምንት ሊቆይ ይችላል፤ ረጥቦ ሥር ማውጣት ከጀመረ በኋላ የደረቀ ዘር ግን አለቀለት። ስለዚህ ለዚህ አካሄድ ክፉው ነገር ድርቁ አይደለም፣ ትንሿ ዝናብ ናት። 5 ሚሊሜትር ዘንቦ ላዩ ብቻ ይረጥብና ዘሩን ቀስቅሶ ይጥለዋል።

ለዚህ ቀላል መፈተኛ አለ። ዝናቡ ካባራ ከግማሽ ቀን በኋላ በመኮትኮቻ ወይም በማንኪያ አንድ ስንዝር ያህል ቆፍሩ። ከታች ያለውን አፈር ጨበጥ አድርጋችሁ ልቀቁት። ቅርጹን ከያዘ እርጥበቱ ወርዷል። እንደ ዱቄት ከፈረሰ ዝናቡ ላዩን ብቻ ነው የነካው፣ ዘሩን ወደ ኪሳችሁ መልሱ። ጥቁር አፈር ላይ ደግሞ ተቃራኒውን ተጠንቀቁ። ቦሌና አቃቂ አካባቢ ያለው መረሬ ሲረጥብ ዶማ ላይ ይለጠፋል፣ በዚያ ሁኔታ ከተቆፈረ ሲደርቅ ጓል ብቻ ይሆናል። አንድ ሁለት ቀን ጠፈፍ እስኪል መተው ነው።

የአየር ሁኔታ ባለሙያዎች ዝናብ ጀመረ ለማለት ብዙ ጊዜ የሚጠቀሙበት መለኪያ አለ። በ3 ቀን ውስጥ 20 ሚሊሜትር ወይም ከዚያ በላይ መዝነብ አለበት፣ ከዚያ በኋላ ባለው አንድ ወርም ከ7 ወይም ከ10 ቀን የበለጠ ተከታታይ ደረቅ ጊዜ መግባት የለበትም። ሁለተኛው ግማሽ የሚታወቀው ካለፈ በኋላ ነው እንግዲህ። ለገበሬም ለባለጓሮም የሚያገለግለው የመጀመሪያው ግማሽ ብቻ ነው። እሱን ግን ቤታችሁ መለካት ትችላላችሁ። ጎኑ ቀጥ ያለ ባዶ ጣሳ ዛፍና ጣሪያ በማይከልለው ቦታ አስቀምጡ። ጠዋት ማስመሪያ አስገቡበት። 1 ሴንቲሜትር ውሃ ማለት 10 ሚሊሜትር ዝናብ ማለት ነው።

ሁለተኛው አካሄድ መጠበቅ ነው። ዝናቡ እስኪረጋ፣ ብዙ ጊዜ እስከ ሚያዝያ አጋማሽ፣ አለመዝራት። ዘር አይባክንም፣ ውሃም አይባክንም። ሰነፍ ለሆነ ሰው ደስ የሚል ምክር ነው። ጉዳቱ ግን ብዙ ሰው እንደሚያስበው ትንሽ አይደለም፤ ምክንያቱም ከፊት ክረምት አለ። ሚያዝያ አጋማሽ የተዘራ ካሮት በአዲስ አበባ ቅዝቃዜ ሦስት ወር ግድም ይወስዳል፣ ሐምሌ ውስጥ ገባ ማለት ነው። ቀይ አፈር ላይ ችግር የለውም። ጥቁር አፈር ላይ ግን በሐምሌ ውሃ ውስጥ ቆሞ ይበሰብሳል ወይም ይሰነጠቃል። በልግ ሁለት ጫፍ አለው። በዚህኛው ጫፍ ድርቅ፣ በዚያኛው ጭቃ። ጠባቂው ሰው የመጀመሪያውን ሲሸሽ ሁለተኛው ላይ ይወድቃል። ዝናቡ እስኪረጋ እያለ ግንቦት የደረሰ ሰውማ «ላም አለኝ በሰማይ» ሆኖበታል፤ እሱ ቢተወውና ክረምቱን ቢያቅድ ይቀለዋል።

ሦስተኛው ችግኝ ማፍላት ነው፣ እኔ የማደላውም ለሱ ነው። ምክንያቱ የውሃ ሒሳብ ነው። 1 ካሬ ሜትር መደብ ላይ የበቀለ የጎመን ችግኝ ለአንድ ቤት ጓሮ ሁሉ በቅቶ ለጎረቤት ይተርፋል። ዝናብ ሲጠፋ የምታጠጡት ያቺን 1 ካሬ ብቻ ነው፤ በቀን አምስት ሊትር፣ ዕቃ የታጠበበት ሳሙና ያልበዛበት ውሃም ቢሆን ይሠራል። ጥላ ማድረግም ቀላል ነው። በረዶ ሲመጣም አንድ ማዳበሪያ ጆንያ ወርወር ማድረግ ነው። ሰማዩ ሲያምር ታዛውራላችሁ፣ ካላማረ አንድ ሳምንት ታቆያላችሁ። ዘር መሬት ላይ የበተነ ሰው ይሄ ምርጫ የለውም።

ነፃ ነገር የለምና የሱም ጣጣ አለ። ከአራት እስከ ስድስት ሳምንት የየቀን ክትትል ይፈልጋል። ለሥራ ክፍለ ሀገር የሚሄድ ሰው ችግኙን ለሠራተኛ ወይም ለልጅ አደራ ሰጥቶ ሲመለስ የሚያገኘው ወይ የደረቀ ነው ወይ በውሃ ብዛት አንገቱ ላይ የበሰበሰ። ሲዛወርም ለሦስት አራት ቀን ይደነግጣል። ድንጋጤውን ለመቀነስ ከማዛወሩ ሳምንት ቀደም ብሎ ውሃውን ቀነስ፣ ጥላውን ነሳ ነሳ እያደረጉ ማለማመድ ያስፈልጋል። ማዛወሩም አሥር ሰዓት ካለፈ በኋላ ፀሐይ ዘቅዘቅ ስትል ነው። ጠዋት ተዛውሮ ቀትር የደረሰበት ችግኝ ሲያሳዝን!

የተፈላ ችግኝ መግዛትስ? በየመንገዱ ዳር ያሉት ችግኝ ሻጮች ይህን ጣጣ ይገላግላሉ። ግን ሁለት ዓይነት ነው የሚሸጡት። አንደኛው ሥሩ ተነቅሎ በጭቃ ተለውሶ በእስር የሚሸጠው ነው። ርካሽ ነው፣ ዝናብ ባለበት ቀን ከሆነ ይይዛል፣ በደረቅ ቀን ግን ግማሹን ትቀብራላችሁ። ሁለተኛው በፕላስቲክ ከነአፈሩ ያለው ነው። ዋጋው ከፍ ይላል፣ ለበልግ ግን እሱ ያዋጣል። ስትገዙ ረጅሙን አትምረጡ። አጠር፣ ወፈር ያለ፣ አራት አምስት ቅጠል ያለው፣ ከሥሩ ነጭ ነጭ ሥር የሚታይበት ጥሩ ነው። ዝርያውን ግን እርግጠኛ አትሆኑም። የሐበሻ ጎመን ነው ተብሎ ጥቅል ጎመን ሆኖ የሚያድግበት ጊዜ አለ።

ምኑን በየትኛው መንገድ?

እዚህ ላይ «ጓሮው» ብሎ በጅምላ መወሰን ነው ብዙውን ሰው የሚጎዳው። አትክልቱ በጠባይ ይለያያል።

ድንች የመጀመሪያው አካሄድ ልጅ ነው። ያጎነቆለ የዘር ድንች በውስጡ የራሱን ውሃና ምግብ ይዟል፤ ከ10 እስከ 15 ሴንቲሜትር ጥልቀት ስለሚቀበር የላዩ አፈር ሲደርቅ አይደነግጥም። ከየካቲት መጨረሻ እስከ መጋቢት አጋማሽ ከተተከለ ሰኔ ላይ ይደርሳል። ይሄ ደግሞ ትልቅ ጥቅም አለው። ባለሙያዎች ሌት ብላይት የሚሉት፣ ቅጠሉን አጥቁሮ በሳምንት ማሳውን የሚጨርሰው በሽታ፣ ብርድና የማያባራ እርጥበት ሲገናኙ ነው የሚነሳው። የክረምት በሽታ ነው በአጭሩ። ቀድሞ የተተከለ የበልግ ድንች አብዛኛውን ጊዜ ያመልጠዋል። ከሆለታ ምርምር የወጡት ጉደኔና በለጠ የሚባሉት ዝርያዎች በከፍታ ቦታ ይስማማሉ፣ ካገኛችሁ። ካላገኛችሁ ከገበያ የተገዛ ድንች ጨለም ያለ ብርሃን ባለበት ቦታ ዘርግታችሁ አጭርና ወፍራም ቡቃያ እስኪያወጣ ጠብቁ። ሳያጎነቁል የተተከለ ድንች አፈር ውስጥ ሦስት ሳምንት ዝም ብሎ ይቀመጣል፣ እናንተም ቆፍራችሁ ማየት ትጀምራላችሁ።

ካሮት የዚህ ተቃራኒ ነው። ዘሩ ደቃቅ፣ የሚዘራው 1 ሴንቲሜትር ባልሞላ ጥልቀት፣ ለመብቀል ከ10 እስከ 20 ቀን የሚፈልግ። ችግኝ ሆኖ ቢዛወር ደግሞ ሥሩ ይጣመማል፣ ስለዚህ ሦስተኛው መንገድ ዝግ ነው። ያለው አማራጭ ወይ መጠበቅ ወይ ማሞኘት ነው። ማሞኘት ስል ይሄን ማለቴ ነው። መስመሩን በደንብ አጠጡት፣ ዘሩን ዝሩ፣ የተነፋ ኮምፖስት ስስ አድርጋችሁ አልብሱት፣ ከላይ የረጠበ ጆንያ አንጥፉ። ጆንያው ሁለት ሥራ ይሠራል። እርጥበት ይይዛል፤ ከዚያም በላይ ኃይለኛ ዝናብ ባዶ አፈሩን መትቶ ፀሐይ ሲያገኘው የሚፈጠረውን ጠንካራ ቅርፊት ይከላከላል። ቀይ አፈር ላይ ካሮት የማይበቅለው ብዙ ጊዜ በዚያ ቅርፊት ነው፤ ዘሩ በቅሎ ከሥሩ መውጣት ያቅተዋል። ከ7ኛው ቀን ጀምሮ ጠዋት ጠዋት ጆንያውን ገለጥ አድርጋችሁ እዩ። አረንጓዴ ክር የመሰለ ነገር እንደታየ፣ በዚያው ዕለት አመሻሽ ላይ አንሱት። አንድ ቀን ካሳለፋችሁ ቡቃያው በጆንያው ቀዳዳ ይገባና ስታነሱት አብሮ ይነቀላል።

ጎመን፣ ጥቅል ጎመንና ሰላጣ ያለ ክርክር የችግኝ ናቸው። የሐበሻ ጎመን መጋቢት መጀመሪያ ከፈላ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ይዛወራል፣ ከ40 እስከ 50 ሴንቲሜትር ተራርቆ። ሁዳዴ ላይ ጎመን ለማድረስ የሚያስብ ሰው በበልግ አይሳካለትም፤ እሱ በመስኖ ጥር ላይ መጀመር ነበረበት። በደረቁ ሳምንታት ጎመን ላይ ክሽክሽ የሚባለው ደቃቅ ተባይ ይበዛል። ቅጠሉን ገልብጣችሁ ተመልከቱ፤ ግራጫ ዱቄት የመሰለ ነገር ካለ በጣት አሻሹት፣ ከዚያ ቀለል ባለ የሳሙና ውሃ እጠቡት። ደህና ዝናብ ሲመጣ ራሱ ይቀንሳል።

ቆስጣና ቀይ ስር መሀል ላይ ናቸው። ዘራቸው ወፈር ስለሚል 2 ሴንቲሜትር ያህል ይገባል፣ ከካሮት የተሻለ ይታገሣሉ። ቀጥታ ዝሩ፣ ግን ዘሩን ሌሊቱን ነክራችሁ። ፎሶሊያና ዝኩኒ ቅዝቃዜም ድርቅም አይወዱም፤ ሚያዝያን ይጠብቁ። እንጦጦ ሥር ያለ ሰው ደግሞ ከዚያም ሳምንት ሁለት ሳምንት ይጨምር። እንጦጦ አናት ከ3,000 ሜትር ሲበልጥ አቃቂ ወደ 2,100 ሜትር ነው፤ አምስት ስድስት ዲግሪ ገደማ ልዩነት ማለት ነው። አቃቂ ያለ ዘመድ «የኔ በሳምንቱ በቀለ» ሲላችሁ አትበሳጩ። ነጭ ሽንኩርት የሰኔ ነው፣ አሁን አትንኩት።

ቲማቲምን በተመለከተ ቅር የሚላችሁ ነገር ልናገር ነው። አዲስ አበባ ላይ በበልግ ሜዳ ላይ ቲማቲም መትከል አልመክርም። ሚያዝያ ተዛውሮ ፍሬ መያዝ ሲጀምር ሰኔ ይገባል፤ ድንቹ ያመለጠው በሽታ ቲማቲሙን ያገኘዋል። ሐምሌ ላይ አረንጓዴ ፍሬ እንደተንጠለጠለ ቡናማ ሆኖ ይበሰብሳል። የግድ ከሆነ ግን መንገድ አለ። በሽታው ቅጠሉ ካልረጠበ አይነሳም። ባለ 20 ሊትር ባዶ የቀለም ባልዲ ሥሩን ብሱት፣ አፈርና የበሰበሰ ፍግ ሙሉበት፣ ፀሐይ የሚመታው ግድግዳ ጥግ ክዳን ሥር አስቀምጡት። ዝናብ አይንካው፣ ከሥር ብቻ ይጠጣ። ቃሪያም በዚሁ መንገድ ደህና ይሆናል። ሁለት ሦስት ባልዲ ለወጥ አይበቃም፣ ለሰላጣ ግን ይበቃል።

መደቡ ከፍ ይበል ዝቅ?

ከፍ ያለ መደብ ቶሎ ይጠፈፍና ቶሎ ይሞቃል፣ ቶሎም ይደርቃል። ዝቅ ያለ መደብ ያለችውን ዝናብ ሁሉ ይሰበስባል፣ ሐምሌ ላይ ግን ኩሬ ነው። በልግን ብቻ ካያችሁ ዝቅ ያለው ያሸንፋል። ቀይ አፈር ላይ፣ ተዳፋት ባለ ግቢ፣ ውሃ በሌለበት ቤት እሱን እመርጣለሁ፤ ሰኔ መጀመሪያ ላይ ከጎን ያለውን አፈር ወደ ተክሉ ሥር እያስታቀፉ ቦዩን ወደ መሀል መንገዱ ማዞር ይቻላል። ጥቁር አፈር ላይ ግን ከ15 እስከ 20 ሴንቲሜትር ከፍ ያለ መደብ ብቻ። ድርቁን በጉዝጓዝ ትከላከላላችሁ።

ጉዝጓዝ ስል ደረቅ ሣር፣ የጤፍ ጭድ፣ ወይም የተከተፈ የሙዝ ቅጠል ነው፤ ሦስት ጣት ያህል ውፍረት። የውሃ ፍላጎቱን በደንብ ይቀንሳል። ዘር በተዘራበት መስመር ላይ ሳይሆን ቡቃያው አንድ ጣት ከፍ ካለ በኋላ ዙሪያውን ነው የሚደረገው። የባሕር ዛፍ ቅጠል አታድርጉ፣ የሌላውን እድገት ያቀጭጫል። ክረምት ሲገባ ደግሞ አሳሱት፤ እርጥብ ጉዝጓዝ ሥር ቀንድ አውጣ ይከማቻል፣ ሌሊት ወጥቶ ሰላጣችሁን ይጨርሳል።

ጥላውና የበረዶ መከላከያው

እዚህ አማራጩ አራት ነው፣ ልዩነታቸው ግን ብዙ ወሬ አይፈልግም። የሣር ዳስ ገንዘብ አያስወጣም፣ ጥላው ጥሩ ነው፣ ትንሽ ስለሚጨልም ግን ችግኙ ቀጥኖ እንዳይረዝም በየቀኑ ጠዋትና ማታ መነሳት አለበት። ከእርሻ ዕቃ መደብር የሚገዛው ግማሽ ብርሃን የሚያሳልፈው የጥላ መረብ ከሁሉም የተሻለ ነው፤ ዓመታት ያገለግላል፣ በረዶውንም ሰብሮ ያበርዳል። ላስቲክ ርካሽ ነው፣ ለበረዶም ይሆናል፣ ቀትር ላይ ከተረሳ ግን ችግኙን ይቀቅለዋል። የአልጋ አጎበር የሚጠቀሙም አሉ። ለወባ የሚታደለው አጎበር በፀረ ነፍሳት መድኃኒት የተነከረ ስለሆነ በሚበላ ቅጠል ላይ እኔ አላደርገውም።

የትኛውንም ብትመርጡ ከችግኙ 50 ወይም 60 ሴንቲሜትር ከፍ ይበል፣ ወደ አንድ ጎንም ዘንበል ይበል። ጠፍጣፋ ከሆነ በረዶው ላዩ ላይ ይከመርና ከነእንጨቱ ችግኙ ላይ ይወድቃል። ለተዛወረ ችግኝ ደግሞ የታችኛው ክፍል የተቆረጠ ሃይላንድ ክዳኑ ተከፍቶ ቢደፋበት ለመጀመሪያዎቹ ቀናት ይበቃል፣ ቀትር ላይ ማንሳት እንዳይረሳ እንጂ። ከዚያው ሃይላንድ አምስት ሴንቲሜትር ቀለበት ቆርጣችሁ ግንዱን ዙሪያውን ብትቀብሩበት ሌሊት ሌሊት አንገቱን የሚቆርጠውን ትል ይከላከላል።

በረዶ ከመታው በኋላ ምን ይደረግ ለሚል፦ ጎመንና ቆስጣ የተቀዳደደውን ቅጠል ቁረጡላቸው፣ ከመሀል አዲስ ያወጣሉ። ድንችም ያገግማል። ሰላጣውን ያን ዕለት ሰብስቡና ብሉት፣ ቢቆይ ይበሰብሳል። ዝኩኒ ግንዱ ከተሰበረ ነቅሎ ሌላ መዝራት ነው። ቅጠሉ እርጥብ ሳለ ግን አትነካኩ፤ በሽታ ከአንዱ ወደ ሌላው የምታዛምቱት ያኔ ነው።

የትኛውን ትንበያ ልስማ?

የኢትዮጵያ ሜትዎሮሎጂ ኢንስቲትዩት በልግ ከመግባቱ በፊት የወቅት ትንበያ ያወጣል። እሱ የሚነግራችሁ በአካባቢያችሁ ዝናቡ ከመደበኛው በላይ፣ መደበኛ ወይም በታች የመሆን ዕድሉን ነው። መቼ እንደሚጀምር ለእናንተ ሰፈር አይነግርም። ጥቅሙ ስፋቱን ለመወሰን ነው፤ ከመደበኛ በታች ካለ መደቡን አሳንሱ፣ ካሮቱን ተዉት፣ ድንችና ጎመን ላይ አተኩሩ። የ10 ቀኑ ትንበያ ለማዛወር ነው። ደመናማ ቀናት አሉ ካለ ችግኙን አዘጋጁ። ስልክ ላይ ያለው የሰዓት በሰዓት ትንበያ ግን የበልግን ዝናብ ብዙ ጊዜ ይስታል። ቦሌ ወርዶበት ጉለሌ አቧራ የሚነሳበት ቀን ሞልቷል፤ እንዲህ ላለው ዝናብ ከስልኩ ይልቅ ከሰዓት በኋላ የሚከመረውን ደመና ማየት ይሻላል።

በመጨረሻ የኔ አመዳደብ

ኪራይ ቤት ለሚኖር፣ 6 ካሬ ሜትር ግቢ፣ ውሃ በሳምንት ሁለት ሦስት ቀን፣ አንድ በርሜል ላለው ሰው እንዲህ እመድብለት ነበር። 2 ካሬ ድንች፣ መጋቢት መጀመሪያ ላይ፣ የስንዝሩን ፈተና ካለፈ። ግማሽ ካሬ የችግኝ መደብ፣ ጥላ ሥር፣ ጎመንና ሰላጣ። ዘሩን በሁለት ዙር፣ አሥር ቀን አራርቆ፤ አንዱ ቢሞት ሁለተኛው አለ። 1 ካሬ ቆስጣ፣ ከመጋቢት 20 በኋላ ጥሩ ዝናብ በመጣ ቀን። ቀሪው 2 ካሬ ተኩል ተቆፍሮ ለጎመኑና ለሰላጣው ይጠብቅ፤ ሚያዝያ አጋማሽ ላይ ይዛወሩበታል። ቃሪያው በባልዲ ግድግዳ ጥግ። ካሮት ይለፈው፣ መሬቱ ጠባብ ነው፣ ገበያም ላይ አይወደድም።

ግቢው ሰፊ፣ ሮቶ ያለው፣ ጠዋት ማታ ቤት የሚውል ሰው ከሆነ ደግሞ ካሮቱንም በጆንያው ይሞክር፣ ቀይ አፈር ከሆነ ዝቅ ያለውን መደብ ይሥራ። ሰኔ ላይ ድንቹ ሲነሳ መሬቱ ባዶ እንዳይቀር ያን ጊዜ ነጭ ሽንኩርቱን ይትከልበት።